ውሃ እየጠጣ የሚጠወልግ ኦርኪድ፦ መጀመሪያ ሥሩን እንይ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «በስጦታ ያገኘሁት ነጭ ፋሌኖፕሲስ ኦርኪድ ቤቴ ሲገባ በአበባ ተሞልቶ ነበር። አበባው ከረገፈ በኋላ ቅጠሎቹ ለስልሰው ተሸበሸቡ። ውሃ አንሶት ነው ብዬ ጨመርኩለት፤ ይባስ ብሎ የታችኛው ቅጠል ቢጫ ሆነ። ዘንጉ ጫፍ ላይ የነበሩት እምቡጦችም ሳይፈነዱ ረገፉ። አሁን ደግሞ ቅጠሎቹ ከግንዱ በሚጋጠሙበት ቦታ ነጭ ጥጥ የሚመስል ነገር አየሁ። ይድናል ወይስ ልጣለው?»

አይጣሉት። እንደገለጹት ከሆነ የመዳን ዕድል አለው። አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ ያቁሙ፤ ውሃ ማጠጣቱን። ከዚያ ተክሉን ከፖቱ አውጥተው ሥሩን ይዩት። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይደረስበታል።

ሥሩን የምለው በምክንያት ነው። የፋሌኖፕሲስ ቅጠል ወፍራም ነው፤ ውስጡ ውሃ ያጠራቅማል። ሥሩ ሲታመም ቅጠሉ ወዲያው አያስታውቅም። ካጠራቀመው እየተጠቀመ ሳምንታት ይቆያል። ተሸብሽቦ ባዩት ጊዜ ችግሩ የሰነበተ ነው ማለት ነው። ሌላም ጣጣ አለ። ውሃ የተጠማ ኦርኪድና ውሃ የበዛበት ኦርኪድ ቅጠላቸው ሲታይ አንድ ዓይነት ነው። ሁለቱም ይለሰልሳሉ፤ ሁለቱም ይሸበሸባሉ። የመጀመሪያው የሚጠጣው ውሃ አጥቷል። ሁለተኛው ውሃው አለለት፤ የሚጠጣበት ሥር ግን በስብሷል። ቅጠል ብቻ አይቶ ውሃ መጨመር ብዙ ኦርኪድ የገደለ ደግነት ነው።

የእርስዎ ውሃ ሲጨመርለት ስለባሰበት እኔ ወደ ሥር መበስበስ አደላለሁ። ግን መገመት አያስፈልግም፤ አውጥቶ ማየት ይቻላል።

ፋሌኖፕሲስ በተፈጥሮው አፈር ውስጥ አይበቅልም። በእስያ ሞቃትና እርጥብ ደኖች ውስጥ ዛፍ ላይ ተጣብቆ ነው የሚኖረው። ዝናብ ሲመጣ ሥሮቹ ይርሳሉ፤ ዝናቡ ሲያባራ ነፋስ ያደርቃቸዋል። ሥሩን ዙሪያውን የሚሸፍነው ቬላሜን የሚባል ስፖንጅ መሰል ልባስ አለ። ሲደርቅ ብርማ ነጭ ይሆናል፤ ውሃ ሲነካው እያዩት ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። ይህ ልባስ ቀን ከሌት ውሃ ውስጥ ተዘፍቆ ከቆየ ሥሩ አየር ያጣና ይሞታል። ከዚያ ፈንገሱም ባክቴሪያውም ይረባረቡበታል። ስለዚህ ሥሩን የሚገድለው የአየር ማጣት ነው። አየር እስካገኘ ድረስ ብዙ ውሃ አይጎዳውም፤ ሥሩን መስታወት ጠርሙስ ውስጥ ለቀው በውሃ የሚያኖሩት ሰዎችም አሉ።

አሁን ያውጡት። ፖቱን በእጅዎ ዙሪያውን ጫን ጫን ያድርጉትና ግንዱን ከሥር ይዘው ቀስ ብለው ይሳቡ። ሥሩ ከፖቱ ጋር ከተጣበቀ ለብ ባለ ውሃ ያርሱት፤ ይላቀቃል። ከዚያ የተተከለበትን የዛፍ ቅርፊት ወይም ሞስ (ውሃ የሚቋጥር ለስላሳ ተክል) በጣትዎ እያራገፉ ያጽዱ። እዚህ ጋ አንድ ነገር በደንብ ይፈልጉልኝ። በስጦታ የሚመጡ ኦርኪዶች ብዙ ጊዜ መሃላቸው ላይ፣ ልክ ከግንዱ ሥር፣ የታመቀ የሞስ ጉብታ ይኖራቸዋል። ችግኝ ሳለ የተተከለበት ነው። ላይ ላዩ ቅርፊት ስለሆነ አይታይም። ላዩ ሲነካ ደረቅ ነው፤ መሃሉ ግን ሳምንት ሙሉ ውሃ ቋጥሮ ይቀመጣል። «በጣቴ ነክቼ ደረቅ ሲሆን ብቻ ነው የማጠጣው» የሚሉ ጠንቃቃ ሰዎች ኦርኪዳቸው የሚበሰብስባቸው በዚህ ምክንያት ነው። ካገኙት ሁሉንም ነቅለው ያውጡት።

አሁን ሥሮቹን አንድ በአንድ ጫን ይበሉ። ዳኛው ጣትዎ ነው፤ ዓይን እዚህ ያሳስታል። ጤነኛ ሥር ሲጫኑት ጠንካራ ነው። የበሰበሰው ሲጫኑት ይደፈጠጣል፤ ቡናማ ውሃ ያወጣል፤ ሳብ ሲያደርጉት ልባሱ ተገፎ እጅዎ ላይ ይቀርና መሃሉ ላይ ቀጭን ክር ብቻ ይቀራል። በድርቀት የሞተው ደግሞ ቀፎ ነው፤ ሲጫኑት ወረቀት ይመስል ይሰባበራል። ፖት ውስጥ ብርሃን ሳያይ ያደገ ሥር ቢጫ ወይም ቡኒ ሊመስል ይችላል። ጠንካራ ከሆነ ግን ደህና ነው፤ በቀለሙ ብቻ እንዳይቆርጡት። የሥሩ ጫፍ አረንጓዴ ወይም ወይን ጠጅ ሆኖ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ደግሞ እሰየው! ያ ሥር በማደግ ላይ ነው።

ምናልባት ሥሩ ሁሉ ጠንካራ፣ ብርማ፣ ትንሽ የተጨማደደ ሆኖ ያገኙት ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ተክሉ በእውነት ተጠምቶ ነበር። ሥሩን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ሃያ ደቂቃ ያህል ያቆዩት፤ አረንጓዴ ሲሆን ያንጠፍጥፉትና በአዲስ ቅርፊት ይትከሉት። ከዚያ በኋላ የማጠጫውን ጊዜ ማቀራረብ ነው።

ከበሰበሰ ግን መቀስ ያስፈልጋል። መቀሱን በእሳት ያስነኩት ወይም በ70 በመቶ አልኮል ይጥረጉት። አልኮል የነካውን ብረት ደግሞ ሳይደርቅ እሳት እንዳያስጠጉት። የለሰለሰውንና ቀፎ የሆነውን ሁሉ ጠንካራው ክፍል ላይ እስኪደርሱ ይቁረጡ። አይሳሱ፤ የበሰበሰ ሥር አያገግምም፤ የተረፈውን ነው የሚያበላሸው። ጠንካራውን ደግሞ «ለማንኛውም» ብለው አይንኩት። ሲጨርሱ ሥሩን በንጹህ ውሃ አለቅልቀው ጥላ ቦታ ላይ ግማሽ ቀን ያህል ይተዉት፤ ቁስሉ ይደርቃል። ብዙ ሰው ቁስሉ ላይ የቀረፋ ዱቄት ይነሰንሳል። ቀረፋ ያደርቃል፤ ጥቅሙም ጉዳቱም እሱ ነው። የተቆረጠው ጫፍ ላይ ብቻ ቢነካ አይከፋም። ደህና ሥር ላይ ሲበተን ግን የተረፈችውንም ያደርቃታል። እኔ ባይጠቀሙበት እመርጣለሁ፤ ደህና አድርጎ ማድረቁ ይበቃል።

ፖቱን በቅጠሉ ስፋት አይምረጡ፤ በተረፈው ሥር መጠን ይምረጡ። ሥሩ ሳይጨናነቅ ልክ የሚገባበት ትንሽ ፖት ጥሩ ነው። ትልቅ ፖት መሃሉ አይደርቅምና እንደገና እዚያው ችግር ውስጥ ይከትዎታል። ግልጽ ፕላስቲክ ቢሆን ይመረጣል፤ ሥሩን ከውጭ ያዩታል። ከታችም ከጎንም ቀዳዳ ይኑረው። መትከያው የጥድ ቅርፊት ስብርባሪ ነው። ተራ የአበባ አፈር ፈጽሞ አይሆንም። ተክሉ ሥር ስለሚያንሰው ይወላገዳል፤ በትንሽ እንጨት ደግፈው ከእንጨቱ ጋር ያያይዙት። ይህን ቀላል ነገር አድርገው አይዩት። ተክሉ በተነቃነቀ ቁጥር አዲስ የሚወጣው የሥር ጫፍ ከቅርፊቱ ጋር እየተፋተገ ይሰበራል፤ ወራት ሙሉ «ሥር እምቢ አለኝ» የሚያሰኘው አንዳንዴ ይህ ብቻ ነው።

ከተከሉት በኋላ ጥቂት ቀን ውሃ አይስጡት። ደማቅ ግን ቀጥተኛ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ያኑሩት። ማዳበሪያ አይታሰብም፤ የሚበላበት ሥር የለውም። አየሩ በጣም ደረቅ ከሆነ በዙሪያው እርጥበት እንዲኖር ማድረግ ይጠቅማል።

አንድም ሥር ካልተረፈስ? ያኔም ቶሎ ተስፋ አይቁረጡ። መሃሉ ላይ ያለው አዲስ ቅጠል የሚወጣበት እምብርት አረንጓዴና ጠንካራ ከሆነ መሞከር ተገቢ ነው። ግልጽ የፕላስቲክ ዕቃ ወይም ከረጢት ውስጥ ጨምቀው ያወጡት እርጥብ ሞስ በትንሹ ያስቀምጡ። ተክሉን ከላዩ ያኑሩት፤ ግንዱ ሞሱን ለመንካት ያህል ብቻ ይጠጋ፣ አይቀበር። ክዳኑን ገርበብ አድርገው በየጥቂት ቀኑ እየከፈቱ ያናፍሱት። ፀሐይ እንዳያገኘው፤ የተዘጋ ፕላስቲክ ፀሐይ ካገኘው ተክሉን ይቀቅለዋል። ወራት ሊወስድ ይችላል። በየቀኑ እያወጡ ማየት ያምራል፤ ግን ተክሉ በተረበሸ ቁጥር ሥር ማውጣቱ ይዘገያል።

እዚህ ላይ አስቀድመው ይወቁት፦ የተሸበሸቡት ቅጠሎች እንደ ድሮው ላይወጠሩ ይችላሉ። ሕክምናው አልሠራም ብለው ውሃ ወደ መጨመር እንዳይመለሱ። ማገገሙን የሚያውቁት በአዲሱ ቅጠልና በአዲሱ የሥር ጫፍ ነው። አሮጌዎቹን ደግሞ አይቁረጧቸው፤ ተሸብሽበውም ቢሆን ተክሉን እየመገቡት ነው።

ወደ ነጩ ጥጥ ልምጣ። ይሄ ሚሊባግ የሚባለው ተባይ መሆኑ አይቀርም። ለማረጋገጥ በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ቢጫኑት ተፈርጦ ቢጫማ ወይም ቀይ ፈሳሽ ይተዋል። የተክሉን ጭማቂ ይመጥጣል፤ ስለዚህ ለድካሙ የራሱን ድርሻ አዋጥቷል። ዛሬውኑ ከሌሎች ተክሎችዎ ይለዩት። ከዚያ በ70 በመቶ አልኮል የነከሩትን ጥጥ ይዘው አንድ በአንድ ይልቀሙ። መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክረው አንድ ቀን ይጠብቁ፤ አልኮሉ እስኪደርቅም ፀሐይ አያግኘው። የሚታየውን ጠርገው አይርኩ። መደበቂያው የቅጠሎቹ መጋጠሚያ፣ የቅጠሉ ጀርባ፣ ግንዱ ላይ ደርቆ የተለጠፈው የድሮ ቅጠል ልባስ ሥር ነው። ያን ደረቅ ልባስ ገሽልጠው ይዩ። ፖት ውስጥ ሥሩ ላይም ይኖራል፤ ስለዚህ ሥሩን ሲያጥቡ እግረ መንገድዎን ይፈልጉት። የነበረበትን አሮጌ ቅርፊትም ይጣሉት። በየሳምንቱ ለአምስት ሳምንት ያህል ይደጋግሙት። አልኮሉ እናቲቱን ይገድላል፤ እንቁላሉ ግን ቆይቶ ይፈለፈላል። ብዙ ሰው የሚሸነፈው ሁለተኛው ሳምንት ላይ «ጠፋ» ብሎ ስለሚተወው ነው።

ቅጠሉ ላይ የሚያጣብቅ ነገር ካዩ የተባይ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ጀርባውን ያገላብጡ። ቡናማ ጠፍጣፋ እብጠት የሚመስልና በጥፍር ሲፋቅ የሚነሳ ከሆነ ስኬል የሚባል ተባይ ነው፤ ሕክምናው ያው ነው። ቅጠሉ ብርማ ነጠብጣብ ካወጣና በነጭ ሶፍት ሲጠርጉት ቀይ ወይም ቡናማ ጭረት ከተወ ቀይ ሸረሪት የሚባል በጣም ትንሽ ተባይ ነው። ደረቅና ሞቃት አየር ይወዳል፤ ቅጠሉን ፊትና ጀርባ በውሃ ደጋግሞ ማጠብ ያዳክመዋል። የአበባው ዘንግ ላይ ምንም ተባይ ሳይኖር ጥርት ያለ ጣፋጭ ጠብታ ካዩ ግን አይደንግጡ። ተክሉ ራሱ የሚያወጣው ነው።

ቢጫ የሆነው አንድ የታችኛ ቅጠል ብቻውን ቢሆን ኖሮ እንኳን አያሳስብም ነበር። ኦርኪድ የድሮ ቅጠሉን ከታች እየጣለ ነው የሚያድገው። በራሱ ደርቆ እስኪለቅ ይተዉት። የሚያሳስበው ሁለት ሦስት ቅጠል ባንዴ ቢጫ ሲሆን ነው። ከሁሉም የከፋው ቢጫው ከላይ፣ ከእምብርቱ ሲጀምር ነው።

ስለ እምብርቱ ካነሳን፣ ፋሌኖፕሲስ የሚያድግበት ጫፍ አንድ ብቻ ነው። እሱ ከበሰበሰ ያ ግንድ አዲስ ቅጠል አያወጣም፤ ቢበዛ ከጎኑ ልጅ ሊያበቅል ይችላል። የሚበሰብሰው ደግሞ በአብዛኛው ቅጠሎቹ መሃል የተጠራቀመ ውሃ ሲያድርበት ነው። ሲያጠጡ ውሃው እዚያ ከገባ በሶፍት መጥጠው ያውጡት። ለዚህም ሲባል ጠዋት ያጠጡ፤ እስኪመሽ ይደርቃል።

እምቡጥ የሚረግፍበት ምክንያት ብዙ ነው። የቦታ ለውጥ፣ ከመስኮት ወይም ከበር የሚገባ ቀዝቃዛ ነፋስ፣ ድርቀት፣ ሌላው ቀርቶ አጠገቡ የተቀመጠ የበሰለ ሙዝ ወይም ፖም። የሚበስል ፍሬ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ እምቡጡ ያን ሲያገኝ ቢጫ ይሆንና ይወድቃል። የእርስዎ ግን ውሃ የሚስብበት ሥር ስላጣ ሸክሙን መቀነሱ ይመስለኛል። ስለዚህ የቀረውን የአበባ ዘንግ ከመነሻው ይቁረጡለት።

ቅጠል ላይ ስለሚወጣ ጥቁር ነገር ባይጠይቁኝም ደካማ ተክል ላይ ቶሎ ስለሚመጣ ልጨምር። በፀሐይ የተቃጠለ ቦታ ፀሐይ በሚመታው ወገን ብቻ ይሆናል። መጀመሪያ ይነጣል፣ ከዚያ ደርቆ ይጠቁራል፣ በዚያው ይቆማል። ይህን መቁረጥ አያስፈልግም፤ ተክሉን ከፀሐዩ ፈቀቅ ማድረግ ነው። ባክቴሪያ የሚያመጣው ግን ውሃ የቋጠረ ይመስላል፤ ለስላሳ ነው፤ አንዳንዴ ይሸታል፤ ማታ ትንሽ የነበረው ጠዋት ሰፍቶ ይገኛል። እሱ ቀጠሮ አይሰጥም። ከጥቁሩ አልፈው ጤነኛው አረንጓዴ ውስጥ ገብተው ይቁረጡ። መቀሱን ከእያንዳንዱ ቁርጫ በኋላ ያጽዱ፤ ቅጠሉ ላይ ውሃ እንዳይደርስ፤ አየር የሚንቀሳቀስበት ቦታ ያኑሩት። ቫይረስም አለ። ቅጠል ላይ ቢጫና አረንጓዴ የተዥጎረጎረ መስመር ወይም ቀለበት፣ አበባ ላይ የተዘበራረቀ ቀለም ያመጣል። መድኃኒት የለውም። ከተክል ወደ ተክል ከሚያዛምቱት አንዱ ያልጸዳ መቀስ ነው። መቀሱን ያጽዱ እያልኩ የምነዘንዝዎት ለዚህም ጭምር ነው።

ካገገመ በኋላ ውሃውን በቀን ቆጠራ አያድርጉት። «በየሳምንቱ» የሚለው ምክር አንዱ ቤት ሠርቶ ሌላው ቤት ይገድላል፤ ሙቀቱ፣ አየሩ፣ ፖቱ ይለያያል። በግልጹ ፖት ውስጥ ሥሩ አረንጓዴ ከሆነ ይተዉት። ብርማ ሲሆን ያጠጡ። ፖቱን አንሥተው ክብደቱን ይልመዱ፤ ውሃ የጠጣውና የደረቀው በእጅ ይለያሉ። ሲያጠጡ ደግሞ ቆጥበው አይሁን። ውሃው ቅርፊቱን አርሶ ከታች እስኪወርድ ያፍሱበት፤ በደንብ ያንጠፍጥፉት። ለውበት የሚደረገው ቀዳዳ የሌለው የውጭ ፖት ግርጌው ላይ ውሃ እንዳይቀር ሁልጊዜ ያንሱትና ይዩ። ቅርፊቱም በሁለት ዓመት ውስጥ ይበሰብሳል፤ ሲደቅና ሲጠቁር ይቀየር።

ብርሃን በቅጠሉ ቀለም ይታወቃል። ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ የሚያምር ቅጠል ብርሃን አንሶታል፤ አበባም አይሰጥም። ቢጫማ ወይም ቀላ ያለ ከሆነ በዝቶበታል። ሣር የመሰለ ፈካ ያለ አረንጓዴ ነው የሚፈለገው። ቀን ከ18 እስከ 29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይመቸዋል። ሌላ አበባ እንዲሰጥ ደግሞ ማታ ማታ ወደ 16 እና 17 ዲግሪ የሚወርድ አየር ለጥቂት ሳምንታት ቢያገኝ ይጠቅማል።

ማዳበሪያ የሚጀምሩት አዲሱ ሥር ጥቂት ሴንቲሜትር ሲረዝም ነው። ዕቃው ላይ ከተጻፈው መጠን ሩቡን ይስጡ፤ በወር አንዴ በንጹህ ውሃ ብቻ በደንብ ያጥቡት፤ ጨው አይጠራቀምበትም። የቅርፊቱ ወይም የፖቱ ጠርዝ ላይ ነጭ ቅርፊት መሰል ነገር ካዩ ጨው ተጠራቅሟል ማለት ነው።

በዚህ መሃል ገና በቅጡ ሥር ሳይሰድ የአበባ ዘንግ ብቅ ሊያደርግ ይችላል። የተጎዳ ኦርኪድ ይህን ያደርጋል። ደስ ይላል፤ መቁረጡም ያሳዝናል። ግን ዘንጉ ጣት የማያህል ሳለ ይቁረጡት። ሁለት አዲስ ቅጠልና የፖቱን ግድግዳ የነኩ ጠንካራ ሥሮች ካዩ በኋላ የሚመጣውን ዘንግ ይተዉለት።